ልጄን የሆኪ ቡድኑ አሰናበተው፤ ደመወዙን ማስከፈል እንችላለን?

ጥያቄው የመጣው ሚኒሶታ ከሚኖሩ እናት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 27 ዓመቱ ነው። በበረዶ ሆኪ ኢሲኤችኤል በሚባለው ሊግ ይጫወታል። በአራት ዓመት ስድስት ቡድን ቀያይሯል። ባለፈው ሳምንት ድንገት አሰናበቱት፤ የሚኖርበትንም ቤት ልቀቅ አሉት። ትከሻውን ከድሮም ያመዋል፤ አሁን ብሶበታል። እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ያለውን ደመወዝ ማስከፈል እንችላለን?»

እህቴ፣ ለጠየቁኝ መልሱ አጭር ነው፤ ምናልባት አይቻልም። በዚያ ሊግ ደመወዝ የሚከፈለው በየሳምንቱ ነው። ውሉም በአብዛኛው እስከ ዘመኑ መጨረሻ ዋስትና አይሰጥም። ቤቱን ያቀረበው ቡድኑ ስለሆነ ሥራው ሲቆም ቁልፉ ይመለሳል። ውሉን ሳላይ ግን ይህን የመጨረሻ ቃሌ አድርገው አይውሰዱት።

እኔን ያሳሰበኝ በመሀል ጣል ያደረጓት «ከድሮም ያመዋል» የምትለዋ ናት። ከየትኛው ቡድን ጀምሮ? ለሐኪም ተናግሯል? ሲሰናበትስ ምን ላይ ፈረመ? ስለነዚህ አንድም አልጻፉልኝም። ምናልባት ለእርስዎም አልነገረዎት ይሆናል።

ግምቴን ልንገርዎ። ተጫዋች ሲሰናበት ወይም ዘመኑ ሲያልቅ የመውጫ ምርመራ ይደረግለታል። «ጉዳት አለብህ?» የሚል ቅጽ ይሰጡታል። ልጁም «የለብኝም» ብሎ ይፈርማል። ያመመው ሰው ቀጣይ ቡድን አያገኝም ብሎ ይፈራላ! ፍርሃቱ ይገባኛል። እሱ በሳምንት የሚያገኘው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ላይኛው ሊግ ኤንኤችኤል ደግሞ በ2025-26 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 775,000 ዶላር ነው። ከታች ሆኖ ያንን የሚያይ ወጣት ሕመሙን ቢደብቅ አልፈርድበትም። ግን እናንተ ቤተሰቦቹ ዝም ማለታችሁ ልክ አይደለም።

ከቡድን ቡድን የሚዞር ተጫዋች የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ የቆየ ሰው ጉዳቱ የት እንደደረሰበት አያከራክርም። ልጅዎ ግን ስድስት አሠሪ አለው። ነገ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሲጠይቅ ስድስተኛው «ሲመጣ ታሞ ነው የመጣው» ይላል። አምስተኛው ደግሞ «ከእኛ ጤነኛ ነኝ ብሎ ፈርሞ ነው የወጣው» ብሎ ወረቀቱን ያወጣል። ሁለቱም የሚከራከሩት በልጅዎ በራሱ ፊርማ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ማን ይከፍላል?

ጊዜውም አይጠብቅም። በብዙ ግዛቶች ጉዳትን ለአሠሪ የማሳወቂያው ገደብ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ 30 ቀን የተለመደ ነው። ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ለምሳሌ የፍሎሪዳ ሕግ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞችን ከሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ የየትኛው ግዛት ቡድን እንደነበረ ሳላውቅ ምንም ማለት አልችልም።

ቅጹን ፈርሞ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ትከሻውን ሲያክም የመዘገበው ካለ ፊርማውን ሊያስተባብል ይችላል። ጉዳት ላይ ያለን ተጫዋች እንደ ጤነኛ ማሰናበትም ራሱን የቻለ ክርክር አለው። ልጅዎ ከስድስቱም ቡድኖች የሕክምና መዝገቡን በጽሑፍ ይጠይቅ። የስንብት ደብዳቤውን፣ ውሉን፣ ስለ ትከሻው የተጻጻፈውን መልእክት ሁሉ ያስቀምጥ። ከስልኩ ምንም አያጥፋ። ለተጫዋቾቹ ማኅበር ለፒኤችፒኤ ዛሬውኑ ይደውል። ከ1967 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ የኢሲኤችኤልን ተጫዋቾች ይወክላል። የቅሬታ ማቅረቢያ ቀን እንዳያልፍበት እነሱ ይነግሩታል። ቡድኑ በነበረበት ግዛት ፈቃድ ያለው የካሳ ጠበቃም ያማክር።

ወኪሉ አውሮፓ ውስጥ ሌላ ቡድን አገኘሁልህ ካለው፣ እዚያም የጤና ቅጽ ይሰጡታል። ጠበቃ ሳያየው አይፈርም። ደግሞም ልጁ አዋቂ ነው፤ ጉዳዩን ከእርስዎ ጋር መጨረስ አልችልም። ራሱ ይደውልልኝ፤ ሲደውል የፈረመውን ወረቀት በእጁ ይያዝ።