በልብ ሕመም የሞተው የካንሰር ታካሚ የት ይቆጠር?

የወንድማችን ጥያቄ ይኸ ነው፦ የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎች ዳታ ይዟል። በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸውን ካፕላን-ሜየር በሚባለው፣ ሰው በጊዜ ሂደት በሕይወት የመቆየት ዕድሉን በሚገምት ዘዴ አስልቷል። በልብ ሕመምና በስትሮክ የሞቱትን ክትትል ካቋረጡት ጋር ደምሮ «ሴንሰርድ» (መጨረሻቸው ሳይታወቅ ክትትላቸው የተቋረጠ) አድርጓቸዋል። አማካሪው አልተቀበለችውም። «ምኑ ላይ ነው ችግሩ?» ይላል።

አማካሪህ ልክ ናት። እኔም የካንሰር መረጃ ላይ ዓመታት ስሠራ በብዛት የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የካፕላን-ሜየር ዘዴ፣ ከክትትል የጠፋ ሰው ከቀሩት ጋር እኩል የመሞት ዕድል አለው ብሎ ያስባል። ስልክ አላነሳ ላለ ታካሚ ይኼ ያስኬዳል። በስትሮክ የሞተ ሰው ግን ከእንግዲህ በካንሰር ሊሞት አይችልም። አለቀ።

በቁጥር እንየው። እንበልና 100 ታካሚዎች አሉህ። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሰዎች በካንሰር ሞቱ፤ ከእነሱ በኋላ፣ ዓመቱ ሳያልቅ፣ 40 በሌላ ምክንያት ሞቱ። በሁለተኛው ዓመት ከቀሩት 50 ውስጥ 10 በካንሰር ሞቱ። በጣትህ ብትቆጥር ካንሰር የገደለው 20 ሰው ነው፤ 20 በመቶ። ካፕላን-ሜየር ግን 0.9ን በ0.8 ያባዛና 0.72 ይልሃል። የካንሰር ሞት 28 በመቶ ሆነ! 8ቱ ከየት መጡ? ከ40ዎቹ ሟቾች ነው። «ቢኖሩ ኖሮ ከአምስት አንዱ በካንሰር ይሞት ነበር» ብሎ አስልቶባቸዋል። የሌላውን ሞት በዚሁ መንገድ ብታሰላው ደግሞ ከ90 ሰው 40፣ ወደ 44 በመቶ ይመጣል። 28 እና 44 ሲደመር 72። የሞተው 60 ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰው ከነነፍሱ ቀበርን ማለት ነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን መንስኤ ድርሻ አብሮ የሚያሰላውን የአለን-ዮሃንሰን ዘዴ ተጠቀም። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሰርቫይቫል (survival) የሚባለው ፓኬጅ ይሠራልሃል። እንደ ቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ቶሎ በሚገድል በሽታ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ፕሮስቴት ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድና በዕድሜ የገፉ ወንዶችን የሚይዝ በመሆኑ፣ ሌላ ሕመም ሊቀድመው ይችላል። ሐኪሙም ቀዶ ሕክምና ከማሰቡ በፊት «ሌላ 10 ዓመት ይኖራሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። እና ሞዴልህ ውስጥ የካንሰሩን ደረጃ ብቻ አታስገባ፤ ዕድሜ፣ ስኳር፣ ልብ፣ ኩላሊትም ይግቡ።

ሞዴሉን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ወጣው፣ ሌሎች የሞት ምክንያቶች ባሉበት የአንዱን ዕድል ወደሚገምተው ፋይን-ግሬይ ሞዴል ይሮጣል። ለአንድ ታካሚ ዕድሉን ለመንገር ጥሩ ነው። «ምን ገደለው?» ለሚል ጥያቄ ግን አልወደውም፤ በሌላ ምክንያት የሞቱትን አሁንም ካንሰር ይገድላቸው ይሆናል ከሚባሉት ጋር ያቆያቸዋል። በዚህ ስሌት ሲጋራ ከካንሰር የሚያድን ሊመስል ይችላል፤ አጫሹን በልብ ሕመም ቀድሞ ስለወሰደው ብቻ! ለመንስኤ ጥያቄ ለእያንዳንዱ የሞት ምክንያት ለየብቻ ኮክስ (እንደ ዕድሜና ስኳር ያሉ ነገሮች የሞት ፍጥነቱን ምን ያህል እንደሚለውጡ የሚያሳይ ሞዴል) ሥራ፤ የካንሰሩን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ሠንጠረዥ አሳይ።

ይኼ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን የሞት ምክንያት የሚለውን ዓምድ ራስህ አንብበው። «ልቡ ቆሞ» የሚል ብዙ ታገኛለህ። ልቡ ሳይቆም የሞተስ ማን አለ? እነዚያን ካርዶች ከሐኪም ጋር ሆነህ አንድ በአንድ እያቸው። መንስኤው ጨርሶ የማይታወቅ ከበዛ፣ በተመሳሳይ ዕድሜና ጾታ ካለው ሕዝብ ጋር የሚያነጻጽረውን አንጻራዊ የመኖር ስሌት ተጠቀም፤ እሱ የሞት ምክንያት አይጠይቅህም።