ያገለገለ ኮምፒውተር ሸቀጥ ነው ወይስ ቆሻሻ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የአሜሪካ መንግሥት ያስጠናው ጥናት ከአገሪቱ የሚወጡት ያገለገሉ ኤሌክትሮኒክሶች በአመዛኙ ቆሻሻ አለመሆናቸውን ይገልጻል መባሉን ሰማሁ። ይህ ይታመናልን?

መልስ፦ ጥናቱን የሠራው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በዚያ መሠረት በ2011 ወደ ውጭ የተሸጡት ያገለገሉ ዕቃዎች 1.45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጡ ሲሆን፣ ከአገሪቱ የያገለገሉ ኤሌክትሮኒክሶች ጠቅላላ ሽያጭ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ትልቁን ድርሻ የያዙትም ተፈትሸው የሚሠሩ ዕቃዎች ናቸው።

አኃዙን ማጣጣል አይገባም፤ ይሁንና መለኪያው ገንዘብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አንድ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ መስታወታቸው እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ካዘለ በርካታ አሮጌ ሞኒተሮች የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ በዶላር ሲሰላ እዚህ ግባ የማይባለው ጭነት በክብደት ሲታይ ብዙ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም የጉምሩክ መለያ ቁጥሮች አዲሱን ካገለገለው ዕቃ ስለማይለዩ፣ ኮሚሽኑ የተመረኮዘው ኩባንያዎች በሞሉት መጠይቅ ላይ ነው፤ በስውር የሚልክ ነጋዴ ደግሞ (መቼም ማን በራሱ ላይ ይመሰክራል?) እውነቱን ይሞላል ተብሎ አይጠበቅም።