በአንድ ሌሊት የነጣው ኮለርፓ፦ ገንዳውን ማፍሰስ ያስፈልጋልን?

በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንባቢ የሚከተለውን ጽፈውልኛል። 280 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አላቸው፤ ከዋናው ገንዳ ሥር ባለችው ትንሽ ገንዳ ውስጥም፣ ከቆሻሻ የሚመጡትን ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዲመጥላቸው ብለው ኮለርፓ ፕሮሊፌራ የተባለውን አረንጓዴ የባሕር አልጌ ካበቀሉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። አልጌው ስለተንዠረገገላቸው ለሦስት ወራት ሳይነኩት ቆዩ፤ ባለፈው ሳምንት መብራቱን በአዲስ ቀየሩ፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ግን ውኃው ወተት የተበጠበጠበት መስሎ፣ አልጌው ነጥቶ፣ ሁለት ዓሦችም ሞተው አገኙ። ጥያቄያቸው፣ ይህ በሽታ ነውን፣ ገንዳውንስ አፍስሼ እንደ አዲስ ልጀምርን የሚል ነው።

በሽታ አይደለም፤ ገንዳውንም አያፍስሱ። ካፈሰሱት ቆሻሻውን የሚያብላሉልዎትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አብረው ያጣሉ፣ ከዚያም ከአልጌው የባሰ የአሞኒያ ችግር ይገጥምዎታል።

ኮለርፓ ሥር፣ ግንድና ቅጠል ያለው ተክል ቢመስልም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ህዋስ ብቻ ነው፤ በውስጡ ክፍል ከክፍል የሚለይ ግድግዳ ስለሌለ፣ እጅግ ብዙ ኒውክለሶች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። በዚህም ምክንያት ዘር ለመልቀቅ ሲነሣ ከአካሉ ከፊሉን ለነገ አያስቀርም፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ዘር ህዋሳት ይለወጥና ሊነጋጋ ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ውኃው ይረጫል፣ የሚቀረውም ባዶ ነጭ ልባስ ነው። ወተት የመሰለዎት ያ ነው። የተረጨው ነገር ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፣ ሲሰበስብ የከረመውንም ንጥረ ነገር መልሶ ወደ ውኃው ይለቅቃል። ዓሦቹ የሞቱት በአየር እጥረት ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም ከንጋት በፊት ያለው ሰዓት መብራቱ ሌሊት በሚጠፋበት ገንዳ ውስጥ ኦክስጅን የሚያንስበት ነው። አልጌው ራሱን ከሚበሉት እንስሳት የሚከላከልበት ኮለርፔኒን የተባለ ኬሚካልም ስላለው፣ ቀጥሎ የምመክረውን ከሰል አይናቁት።

ስለዚህ ዛሬውኑ የአየር ፓምፕ ያስገቡ፣ የውኃ መግፊያውንም አፍ ወደ ላይ አዙረው የውኃው ገጽ እንዲናወጥ ያድርጉ። ነጩን ልባስና አተላውን በቱቦ ስበው ያውጡ፤ ከውኃውም ሲሶ ያህሉን፣ ሙቀቱም ጨውነቱም ከገንዳው ጋር እኩል በሆነ አስቀድሞ በተዘጋጀ ውኃ ይለውጡ። አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ያልኩትን ከሰል፣ በማጣሪያው ውስጥ ያስገቡና ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቀይሩት። አረፋ ሰብሳቢ መሣሪያ ካለዎት ሥራውን አያቋርጥ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ከመጠን በላይ አረፍቶ ሊገነፍል ስለሚችል ጽዋውን ደጋግመው ይዩት። እኔ ይህን ዘንግቼ የአንድ ደንበኛ ምንጣፍ ላይ አንድ ባልዲ የሚሞላ አረፋ አፍስሻለሁ። አሞኒያውን በየቀኑ ይለኩ፤ ዜሮ ሆኖ ሁለት ሳምንት እስኪቆይ ድረስ አዲስ ዓሣ አይግዙ።

መብራቱን በሚመለከት፣ ድንገተኛ የብርሃን፣ የሙቀት ወይም የጨው ለውጥ አልጌውን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ሆኖም እኔ ከመብራቱ ይልቅ ጥፋተኛ የማደርገው ሦስቱን ወራት ነው። ተጨናንቆ የሚመገበው ያነሰበት ኮለርፓ ለትንሽ ምክንያት ነው የሚፈነዳው። በየአሥር ቀኑ ሲሶውን ይቀንሱለት፤ ሲቀንሱም ቅጠሉን በመቀስ ከመሸራረፍ ይልቅ የሚሳበውን ሐረግ ከነቅጠሉ በጣት ስበው ያውጡ። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴው መረብ መስሎ ሲሰበሰብና ቀሪው ሲገረጣ ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ያለዎት አንድ ቀን ስለሆነ የገረጣውን ሳይመሽ ያስወግዱ። ብዙ ባለሙያዎች ዘር እንዳይለቅቅ መብራቱን ሃያ አራት ሰዓት ያበሩለታል፤ እኔ የምመርጠው ግን የዋናው ገንዳ መብራት ሲጠፋ የታችኛውን ማብራት ነው፣ በዚህ መንገድ ሌሊት ኦክስጅን ያገኛሉ። ሥጋቱ ከበዛብዎት ኬቶሞርፋ የተባለውን እንደተጠማዘዘ ሽቦ ያለ አልጌ ይትከሉ፤ እድገቱ ያን ያህል ባይፈጥንም በአንድ ሌሊት እንዲህ ፈስሶ አያውቅብኝም።

የነቀሉትን ወደ መጸዳጃ፣ ወደ ቦይም ሆነ ወደ ፖቶማክ ወንዝ አይጣሉት። የኮለርፓ ቁራጭ ራሱን ችሎ ያድጋል፤ የዚሁ ዘመድ የሆነው ኮለርፓ ታክሲፎሊያ በ1984 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሞናኮ የባሕር ሙዚየም ሥር አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ከታየ በኋላ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻዎች በሺህ በሚቆጠር ሄክታር ተንሰራፍቶ ነበር። በ2000 ደግሞ በካሊፎርኒያ በካርልስባድ ከተማ ባለ ከባሕር ጋር የተገናኘ ሐይቅ ውስጥ ተገኝቶ፣ በሸራ እየሸፈኑና ክሎሪን እየጨመሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ለማለት እስከ 2006 ድረስ ጊዜ ወስዷል። ስለዚህ የነቀሉትን በላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ በፍሪዘር በረዶ ካደረጉት በኋላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ባልዲውንና ቱቦውንም በሙቅ የቧንቧ ውኃ ያጥቧቸው።