የ«ሴሚናር» ዘር ማንዘር

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሴሚናር ላይ፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሴሚ ግማሽ ማለት ስለሆነ ሴሚናር ማለት ግማሽ ትምህርት ነው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሌላው ደግሞ ቃሉ ከ«ሴሚስተር» ጋር አንድ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ ግን «ዘር» ከሚል የላቲን ቃል እንደመጣ ከዚህ በፊት ያነበብኩ ይመስለኛል። ከሦስታችን የማን ነው ልክ? የእኔ ልክ ከሆነስ፣ ዘርንና ስብሰባን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ልክ የሆነው የእርስዎ ነው። በላቲን ቋንቋ ዘር «ሴሜን» ይባላል። ይህ ግን ቃሉ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ወይም ተሳቢ ሆኖ ሲገባ ብቻ የሚታይ መልኩ ነው፤ «የዘር» ለማለት «ሴሚኒስ»፣ «ዘሮች» ለማለት ደግሞ «ሴሚና» ስለሚባል፣ ለእርባታ የሚያገለግለው ግንድ «ሴሚን» መሆኑን እናያለን። እንግዲህ «ን» የቃሉ የራሱ አካል ናት፤ «ሴሚ» ላይ የሚቆርጥ ሰው ቃሉን ከመገጣጠሚያው ሳይሆን ከአጥንቱ መካከል ይሰብረዋል።

ግማሽ ማለት የሆነው «ሴሚ» ሌላ የላቲን ቃል ሲሆን፣ የስፖርት ጋዜጠኞች «ሴሚፋይናል»ን «ግማሽ ፍጻሜ» ብለው ሲተረጉሙ ልክ እርሱን ነው የተረጎሙት። «ሴሚስተር» ደግሞ ስድስት ከሚለው «ሴክስ» እና ወር ከሚለው «ሜንሲስ» የተገጣጠመ በመሆኑ የስድስት ወር ጊዜ ማለት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሴሚስተር ስድስት ወር አለመሙላቱ የቃሉ ጥፋት አይደለም። ነገሩን ካነሣን አይቀር፣ «ሴማዊ ቋንቋዎች» የሚለውም ስያሜ ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ሽሎዘር እ.ኤ.አ. በ1781 ከኖኅ ልጅ ከሴም ስም አውጥቶ ያስገባው ነውና፣ ከዘርም ከግማሽም ጋር አይነካካም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሴሜን» የተሠራው መዝራት የሚል ፍቺ ባለው «ሴ» በሚባል ሥር ላይ «ሜን» የሚል ቅጥያ ተጨምሮ ነው። ይህ ቅጥያ ከግሥ ስም ያወጣል፤ «ፍሉዌሬ» መፍሰስ ሲሆን «ፍሉሜን» የሚፈሰው፣ ማለትም ወንዝ ነው። በዚሁ አግባብ «ሴሜን» የሚዘራው ነገር ማለት ይሆናል። «ዘራ» ከሚለው ግሥ ጎን «ዘር» የሚለውን ስም ይዘን ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

በግንዱ ላይ ቦታን የሚያመለክተው «አሪዩም» የተባለው ቅጥያ ሲጨመርበት፣ ውኃ ከሚለው «አኳ» «አኳሪየም» እንደወጣ ሁሉ፣ «ሴሚናሪዩም» ይወጣል። ሴሚናሪዩም የዘር ቦታ፣ ዛሬ ችግኝ ጣቢያ የምንለው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ሴሚናሪዩም እንዴት እንደሚዘጋጅ ሲመክር፣ ቦታው እጅግ የተሻለ፣ ገላጣና ፍግ የጠገበ እንዲሆን፣ አፈሩም ችግኙ በኋላ ከሚተከልበት አፈር ጋር በተቻለ መጠን እንዲመሳሰል፣ እንዲሁም ችግኙ ተነቅሎ የሚሄድበት መንገድ እንዳይርቅ ያሳስባል። ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች ስለ አዳራሹ ስፋት ከመጨነቃቸው በፊት ይህችን የአፈር ምክር ቢያነቧት መልካም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቃሉ ከእርሻ ወጥቶ ስለ ሰው መነገር የጀመረው ገና በሮማውያን ዘመን ነው። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ለልጁ በጻፈው የሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ ቤተሰብ የከተማ መነሻና የመንግሥት ሴሚናሪዩም ያህል እንደ ሆነ ይናገራል። «ሴሚናሪዩም ነው» ብሎ በድፍኑ ሳይናገር «ያህል» የምትለዋን ቃል ማስገባቱ፣ ምሳሌው በአንባቢው ጆሮ ገና እንዳልተለመደ ያውቅ እንደነበር ይጠቁመኛል።

በትምህርት ቤት ስምነት የጸናው ግን ከዚያ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በሰሜን ኢጣሊያ በትሬንቶ ከተማ የተቀመጠው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጁላይ 15 ቀን 1563 ባወጣው ድንጋጌ፣ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ቢያንስ 12 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ተቀብሎ ለክህነት የሚያሳድግበት ቤት እንዲኖረው አዘዘ፤ ቤቱም የእግዚአብሔር አገልጋዮች የዘወትር ሴሚናሪዩም እንዲሆን ተመኘ። የጉባኤው አባቶች ቃሉን የመረጡት ሳያስቡበት አልነበረም፤ ዕፅዋቱ ገና ለጋ ሳሉ በአንድ መደብ ላይ አብረው ያድጋሉ፣ ሲጠነክሩ ተነቅለው በየቦታቸው ይተከላሉ። እንዲህ ያለውን ቤት እንግሊዝኛ «ሴሚናሪ» ሲለው የካቶሊክ ምእመናን በአማርኛ «ዘርአ ክህነት» ይሉታል። «ዘርአ ያዕቆብ» በሚለው የንጉሥ ስም ውስጥ የምናገኛት ያችው የግእዝ «ዘርአ» መሆኗን ልብ ይበሉ፤ የላቲኑ ድምፅ ቀርቶ ፍቺው ብቻ ተሻግሯል።

የእርስዎ ሴሚናር ግን በሌላው ቅርንጫፍ በኩል የመጣ ነው። በ1730ዎቹ መጨረሻ በጎቲንገን፣ ያው ሽሎዘር ኋላ ባስተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ ዮሐን ማቲያስ ጌስነር፣ በ1787 ደግሞ በሃለ ዩኒቨርሲቲ ፍሪድሪሽ አውጉስት ቮልፍ የጥንት ግሪክና ላቲን ትምህርት ሴሚናር አቋቋሙ። ዓላማው መጀመሪያ መምህራንን ማፍራት ነበርና የችግኝ ጣቢያው ምሳሌ ገና አልደበዘዘም። እየዋለ እያደረ ግን ሴሚናር ማለት ተማሪው ዝም ብሎ ማዳመጡን ትቶ፣ አንድን ጽሑፍ ራሱ መርምሮ፣ የደረሰበትን በጥቂት ሰዎች ፊት የሚያቀርብበትና የሚሞገትበት የማስተማሪያ ስልት ሆነ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀርመን ሄደው የተማሩ አሜሪካውያን ስልቱን ከነስሙ ይዘው ተመለሱ፤ በ1876 የተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን በዚሁ መልክ አደራጀ። እንግሊዝኛ ከቀድሞው «ሴሚናሪ» ጎን «ሴሚናር» የሚል ሁለተኛ ቃል ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የሁለት ቀን ሥልጠናንም የአዳራሽ ስብሰባንም መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ብዙ አልቆየም፤ የሙግቱ ነገር ግን በመንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ በመማር ላይ ነኝ። መምህሬ መዝራት «ሴምብራር» እንደሚባልና ቃሉ ከላቲኑ «ሴሚናሬ» እንደመጣ ነገሩኝ። ላቲኑ ውስጥ የሌለች «ብ» ከየት መጣች? «ን»ስ የት ገባች?

መልስ፦ መምህርዎ እውነታቸውን ነው፤ «ብ»ም ከአፍ እንጂ ከሌላ ቋንቋ አልመጣችም። «ሴሚናሬ» ሲነገር ድምፁ የሚጠብቀው «ና» ላይ ስለሆነ፣ ከእርሷ በፊት ያለችው ደካማ «ኢ» በተናጋሪዎች አፍ እየሳሳች ጠፋች፤ «ሴምናር» ቀረ። አሁን በአፍንጫ የሚነገሩ ሁለት ድምፆች፣ «ም» እና «ን»፣ ጎን ለጎን ወደቁ። ሁለት ተመሳሳይ ጎረቤቶች ሲጨናነቁ አንዱ መልኩን መቀየሩ በብዙ ቋንቋዎች የተለመደ ነውና፣ ስፓኒሽ «ን»ን ወደ «ር» ለወጠ፤ «ሴምራር» ሆነ። እስቲ ይህን ደጋግመው በፍጥነት ይበሉት። ለ«ም» ከንፈርዎ ተዘግቶ አየሩ በአፍንጫዎ ይወጣል፤ ወደ «ር» ለመሻገር የአፍንጫውን መንገድ መዝጋትና ከንፈርን መክፈት ያስፈልጋል። አፍንጫው ከንፈሩን ለቅጽበት ከቀደመው፣ የታፈነው አየር ከንፈሩ ሲከፈት «ብ» ብሎ ይወጣል። የጠየቁኝ «ብ» እርሷ ናት።

ይህ የአንድ ቃል አጋጣሚ አለመሆኑን የሚያረጋግጡ ሌሎች አሉ። ሰው የሚለው «ሆሚኔም» «ኦምብሬ»፣ ሴት የሚለው «ፌሚናም» እንስት ማለት የሆነ «ኤምብራ»፣ ስም የሚለው «ኖሜን» «ኖምብሬ» ሆነዋል። ረሃብም በስፓኒሽ «አምብሬ» ነው። አራቱንም ከ«ሴምብራር» ጋር አንድ ላይ ቢያጠኗቸው ሕጉ ራሱ ያስታውስዎታል።

ጎረቤቶቹ በየፊናቸው ሄደዋል። ፈረንሳይኛ «ም» እና «ን» ሲገናኙበት «ን»ን ውጦ «ሰሜ» አለ፤ ሰውንም «ኦም»፣ ሴትንም «ፋም» ያሰኘው ይኸው ነው። ፖርቱጋልኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል የምትገኝ «ን»ን ስለሚጥል «ሴሜያር» ይላል፤ ጨረቃ የሚለውን «ሉና» «ሉዋ» እንዳለው ማለት ነው። ኢጣሊያንኛ «ሴሚናሬ»ን እንዳለች ጠብቋታል። ስሙን በተመለከተ ኢጣሊያንኛ «ሴሜ» ሲል፣ የፈረንሳይኛው «ሰማንስ»፣ የፖርቱጋልኛው «ሴሜንቴ»ና የሩማንያኛው «ሰመንጻ» ከ«ሴሜን» ሳይሆን አዘራር ከሚለው እኅቱ ከ«ሴሜንቲስ» የወረዱ ናቸው። (ግንበኛው የሚያቦካው «ሲሚንቶ» ከእነዚህ ጋር ቢመሳሰልም ዘመድ አይደለም፤ በኢጣሊያንኛ በኩል፣ የተፈለጠ ድንጋይ ከሚለው «ካይሜንቱም» የመጣ ነው።)

ከዚህ ሁሉ የሚለየው እንግሊዝኛ ነው። ዘርን የሚጠራበት «ሲድ» ከላቲን የተወረሰ ሳይሆን ከላቲኑ ጋር ከአንድ ጥንታዊ አያት የተወለደ ነው፤ የጀርመንኛው «ዛመን»፣ የሩሲያኛው «ሴምያ»ና የሊትዌንያኛው የተልባ ዘር መጠሪያ «ሴሜኒስ»ም እንዲሁ። የራሱ ቃል ስለነበረው «ሴሜን»ን በኋላ ሲዋስ የሚሰጠው ሰፊ ሥራ አጣ፤ ስለዚህ ቃሉ ጠብቦ በሕክምና ወረቀት ላይ የወንድ ዘር መጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። መረጃ ወይም ወሬ መንዛት የሚል ፍቺ ያለው «ዲሴሚኔት» ግን ሰፊውን እርሻ አልለቀቀም። አማርኛም ጠብ ይዘራል ይላልና፣ ይህኛው አካሄድ አያስገርመንም።

ጥያቄ፦ ተከታታይ ድራማዎች ሲተዋወቁ «ሲዝን ሁለት» የሚባለው «ሲዝን» ከመዝራት ጋር ይገናኛል የሚል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የሴሚናር የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያው «ሴ» ከሚባለው ሥር ላቲን መዝራት ለሚለው ድርጊት «ሳቲዮ» የሚል ስም አውጥቷል። በፈረንሳይኛ «ሴዞን» ሲሆን ፍቺው ከድርጊቱ ወደ ጊዜው ተሸጋገረ፤ መጀመሪያ የዘር ጊዜ፣ ቀጥሎ ለማንኛውም ሥራ አመቺ የሆነ ጊዜ፣ ከዚያም ከአራቱ የዓመቱ ወቅቶች አንዱ ማለት ሆነ። ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገረ በኋላ የአደን፣ የቲያትርና የእግር ኳስ ወቅትን ይዞ፣ በመጨረሻ በቴሌቪዥን ዘመን በአንድ ጊዜ የሚቀርቡ ክፍሎችን ሰብስቦ መጠሪያ ሆነ።

የስፓኒሹ «ሳሶን» ግን የተለየ መንገድ ያዘ። «አ ላ ሳሶን» ሲሉ «ያን ጊዜ» ማለታቸው ስለሆነ የጊዜው ፍቺ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከአመቺ ጊዜ ግን ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ፣ ከመብሰልም የመጣፈጥ ነገር ተወለደ። ስለዚህ በተለይ በላቲን አሜሪካ፣ አንዲት ሴት «ሳሶን አላት» ከተባለ፣ እጇ ይጣፍጣል ማለት ነው።