ወተቱን አትተዉ፣ ጨዉን ቀንሱ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኩላሊት ጠጠርን የሚመለከቱ ናቸው። በተለይ «ሽንትህ ውስጥ ካልሲየም በዝቷል» የተባሉ ሰዎች ተጨንቀዋል። ዛሬ የነሱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የወጣልኝ ጠጠር ሲመረመር የካልሲየም ነው ተባልኩ። በሽንቴም ካልሲየም በዝቷል። የምትታለብ ላም አለችን፤ ወተቱን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትተዪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በጣም ያሳዝነኛል። አብዛኛው የካልሲየም ጠጠር የሚሠራው ካልሲየሙ «ኦክሳሌት» ከሚባል ነገር ጋር ሲጣበቅ ነው። ከምግብ የምናገኘው ኦክሳሌት በብዛት የሚመጣው ከአትክልት ነው። ከምግብ ጋር ወተት ስትጠጪ ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን እዚያው አንጀት ውስጥ ይይዘውና አብረው በሰገራ ይወጣሉ። ወተቱ ሲቀር ኦክሳሌቱ ያዥ አጥቶ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ያልፋል። አጥንትሽም ይጎዳል።

በጣሊያን እንዳንቺ ሽንታቸው ካልሲየም የበዛባቸውና ጠጠር የሚመላለስባቸው 120 ወንዶች ለ5 ዓመት ተጠንተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ ጠጠር ተመለሰባቸው። ካልሲየሙን ሳይነኩ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60 ሰዎች ግን 12ቱ ብቻ።

አደራ የምልሽ ጨዉን ነው። ኩላሊት ትርፍ ጨው ሲያስወጣ ካልሲየሙንም አብሮ ይዞት ይወጣል። በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በርበሬው ውስጥ ያለውም፣ ሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ቡና በጨው የምትጠጪ ከሆነ እሱም።

ጥያቄ፦ የ24 ሰዓት ሽንት አምጣ ተባልኩ። እንዴት ነው የሚጠራቀመው? «በዝቷል» የሚባለውስ ስንት ሲሆን ነው?

መልስ፦ ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያውን ሽንትህን ድፋው፤ ሰዓቱን ጻፍ። ከዚያ በኋላ ቀንም ሌሊትም የምትሸናውን በሙሉ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምር። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የምትሸናው የመጨረሻው ነው፤ እሱም ይገባል። አንዴ ከዘለልክ እንደገና ጀምር፤ የጎደለ ሽንት ሐኪሙን ያሳስተዋል። ላቦራቶሪው ጀሪካኑ ውስጥ ፈሳሽ ጨምሮ ከሰጠህ አሲድ ሊሆን ይችላልና አትድፋው፣ እጅህንም አታስነካው። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው።

በቀን ለሴት ከ250፣ ለወንድ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ሲወጣ በዝቷል ይባላል። የደም ካልሲየምህንም አብረህ ተመርመር። እሱም ከፍ ካለ አንገት ላይ ያለው ፓራታይሮይድ የሚባለው ዕጢ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ሹፌር ነኝ። ውሃ ጠጣ ይሉኛል። ስንት ሊትር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምትጠጣውን ሳይሆን የምትሸናውን ለካ። በቀን ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ሽንት ይውጣህ። ጣርማበር ላይ 3 ሊትር የሚበቃው ሰው ቆላ ሲወርድ ግማሹን በላብ ይጨርሰዋል። ሃይላንድህን ከመሪው አጠገብ አድርግ። ሽንትህ ጠላ ከመሰለ ውሃ አንሶሃል። ሎሚ ብትጨምቅበት ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለው ሲትሬት ጠጠር እንዳይሠራ ያግዛል።

ጥያቄ፦ ከመንዝ ነው፤ እናት ነኝ። ጿሚ ነኝ። በሁዳዴ ወተት የለ፣ ምን ልብላ?

መልስ፦ እናቴ፣ የጤፍ እንጀራዎ ራሱ ካልሲየም አለው። ጎመንም አለው። ቆስጣን ግን ከጎመን ለይተው ይዩት፤ ኦክሳሌቱ በጣም ብዙ ነው። ቀይ ሥርም እንደዚያው፤ ኦቾሎኒም አይብዛ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ ማታ ደጋግመው ይጠጡ፤ ሊተኙ ሲሉም አንድ ብርጭቆ። ሕመሙ ከተመላለሰብዎ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ሲፈታ ደግሞ ሥጋው ላይ ረጋ ይበሉ፤ ሥጋ ሲበዛ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ አረቄ ጠጠር ይሰብራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይሰብርም፤ ውሃህን ነው የሚያደርቀው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ ወይም ሽንትህ ከቆመ ግን እንዳታድር። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ሽንቱ አንዳንዴ ደም ይመስላል። ጠጠር ግን የለውም ተባለ።

መልስ፦ በልጆች ላይ በሽንት ውስጥ የካልሲየም መብዛት ያለ ጠጠርም ደም ሊያሸና ይችላል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ኢንፌክሽንና የኩላሊት ብግነት ይታይለት። ልጅ 24 ሰዓት ማጠራቀም ካስቸገረው ከአንድ ጊዜ ሽንት ካልሲየሙን ክሬቲኒን ከሚባለው፣ በሽንት ከሚወጣ የሰውነት ቆሻሻ ጋር ማነጻጸር ይቻላልና ሐኪሙን ጠይቂው። ወተቱን ግን እንዳትነሺው፤ አጥንቱ ገና እያደገ ነው።