የፈረስ ሆድ ቁርጠትና የአኩፓንክቸር ነጥቦች፦ ከእንጅባራ ለቀረበው ጥያቄ

ወንድማችን ከእንጅባራ አቅራቢያ ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከአባታቸው የወረሱትን የ9 ዓመት ፈረስ ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ማዘጋጀት ከጀመሩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሆዱን ቆርጦታል፤ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ተሽሎታል። በስልካቸው ያዩት ቪዲዮ የፈረስ የሆድ ሕመም በአኩፓንክቸር (የተወሰኑ የሰውነት ነጥቦችን በቀጭን መርፌ በመውጋት የሚሰጥ የቻይና ሕክምና) ነጥቦች እንደሚታገስ ስለሚናገር፣ የትኞቹን ነጥቦች በጣታቸው መጫን እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

እኔ የእንስሳት ሕክምና የተማርሁት ቢሾፍቱ ነው። እዚያው አካባቢ ከጋሪ ፈረሶች ጋር ለ6 ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ወደ አሜሪካ መጥቼ ላለፉት 11 ዓመታት በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የፈረስ ክሊኒክ በረዳትነት እያገለገልሁ እገኛለሁ። ከማግዛቸው ሐኪሞች አንዷ አኩፓንክቸር የተማሩ ናቸው፤ እኔ መርፌ አልወጋም፤ እሳቸው ሲወጉ ፈረሱን እይዛለሁ፣ የልብ ምቱን እቆጥራለሁ፣ በጣት የሚጫኑትን ነጥቦች ደግሞ ከእሳቸው ተምሬአለሁ። ስለዚህ ነጥቦቹን እነግርዎታለሁ፤ ነገር ግን ጣትዎ ነጥቡ ላይ ከማረፉ በፊት ሊቀድም የሚገባው ነገር ስላለ፣ እባክዎ እሱን ሳያልፉ ያንብቡልኝ።

ቁርጠት የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ብዙ ነገሮች በአንድ ዓይነት ምልክት የሚገለጹበት ሕመም ነው። የፈረስ ጨጓራ ለግዙፍ አካሉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል፤ ፈረስ ደግሞ እንደ ውሻ አስመልሶ መገላገል አይችልም። ከጨጓራው ቀጥሎ 20 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን አንጀት፣ ከዚያም ሣርና ገለባ የሚብላላበት ትልቅ ከረጢትና ተጣጥፎ የተቀመጠ ሰፊ አንጀት አለ። ይህ ሰፊ አንጀት በግራ በኩል ወደ ዳሌው ሲደርስ ድንገት ታጥፎ ይጠብባል፤ ውኃ ያነሰው ደረቅ መኖ ብዙ ጊዜ የሚታጎረው እዚህ መታጠፊያ ላይ ነው። በሌላ በኩል አብዛኛው የሰፊው አንጀት ክፍል ከሆድ ግድግዳ ጋር ስላልተያያዘ፣ ጋዝ ሲሞላው ከቦታው ሊነሣና ሊጠማዘዝ ይችላል። የተጠማዘዘ አንጀት ደም ይቋረጥበታል፤ ፈረሱንም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ቀላሉ የጋዝ ቁርጠትና ገዳዩ መጠማዘዝ ሲጀምሩ በዓይን ሊለዩ አይችሉም፤ በሁለቱም ፈረሱ መሬት ይጭራል፣ ዞሮ ሽንጡን ያያል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይንከባለላል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። ከ7 ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ማምሻ፣ ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላት ባዝራ ሆዷን አሟት ባለቤቷ ስልክ ደወሉ፤ ቤቴ ቅርብ ስለነበረ ከሐኪሟ ቀድሜ ደረስሁ። ነጥቦቹን ገና የተማርሁበት ወቅት ስለነበር እጄ ለመሞከር ቸኮለ። የኋላ እግሯንና ጀርባዋን ለ10 ደቂቃ ያህል ስጫን መሬት መጫሯን አቆመች፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች። እኔም እንደተሻላት ለባለቤቷ ነገርሁ፤ ለሐኪሟም ደውዬ መቸኮል እንደማያስፈልግ አሳወቅሁ። የልብ ምቷን ግን አልቆጠርሁም። ሐኪሟ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲደርሱ ምቷ በደቂቃ 88 ነበር፤ ድዷ ጠቁሮ፣ ሆዷ በሁለቱም ጎን ተነፍቶ ነበር። ወደ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ብትወሰድም አንጀቷ ተጠማዝዞ ሞቶ ስለተገኘ አልተረፈችም፤ ውርንጭላዋ በጡጦ አደገች። እኔ እፎይታ ብዬ ያየሁት ጸጥታ የመዛል ጸጥታ ነበር፤ ያንን ጊዜ የበላሁባት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የነጥቦቹ አልነበረም፤ መቅደም ያለበትን ያላስቀደምሁት እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ፈረስዎ እንደገና ሆዱን ሲያመው በመጀመሪያ የልብ ምቱን ይቁጠሩ። በመንጋጋው አጥንት የታችኛው ጠርዝ፣ በውስጥ በኩል፣ እንደ ወፍራም ገመድ በጣት ስር የሚንሸራተት የደም ሥር ያገኛሉ፤ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይዘው ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከ48 በላይ ከሆነ ለሐኪም ይደውሉ፤ 60ን ካለፈ ደግሞ ሌላ ምንም ነገር ሳይሞክሩ ሐኪም ወደ ፈረሱ የሚደርስበትን ወይም ፈረሱ ወደ ሐኪም የሚሄድበትን መንገድ ይፈልጉ። ከዚያ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ፤ ነጣ ያለ ሮዝ መሆን አለበት፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መመለስ ይኖርበታል። ጆሮዎን ሽንጡ ላይ አስጠግተው በሁለቱም በኩል ያዳምጡ፤ ሆድ ፍጹም ዝም ማለቱ ከመጮኹ ይልቅ ያስፈራል። ፋንድያ መጣሉንም ይመልከቱ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ዘይት፣ አረቄ ወይም ሌላ መድኃኒት በጠርሙስ አይጋቱት። በግድ የተጋተ ፈረስ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ ሐኪሞች ዘይት የሚሰጡት በአፍንጫ እስከ ጨጓራ በሚደርስ ቱቦ ነው። በጋለ ብረት ሆድ መተኮስም ሕመም ላይ ሕመም ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልመለስ። እነዚህን የምነግርዎ ፈረስዎ ደኅና በሆነበት ቀን፣ ወይም ሐኪም አይቶት ቀላል ቁርጠት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ እንዲጠቀሙባቸው ነው። ቻይናውያን ነጥቦቹን በአካል ክፍሎች ስምና በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ በጣም የታወቀው ጨጓራ 36 የሚባለው ነው። የሚገኘው በኋላ እግር ላይ፣ ታፋው ከሚያልቅበት ከእውነተኛው ጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ከቅልጥሙ የፊት ጠርዝ ወደ ውጭ በኩል ባለው ጡንቻ ውስጥ ነው። የምግብ ፍላጎት ለቀነሰበትና አንጀቱ ለሰነፈ ፈረስ ሐኪማችን ከሁሉ አስቀድመው የሚይዙት ይህን ነጥብ ነው።

የጀርባዎቹን ነጥቦች ለማግኘት ጎድኖቹን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር ይቀላል። ፈረስ በእያንዳንዱ ጎን 18 ጎድን አለው። ከአከርካሪው መስመር ወደ ጎን ከአንድ ጋት በለጥ ብለው ሲሄዱ፣ ረጅሙ የጀርባ ጡንቻ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ጣት የሚገባበት ጎድጎድ ያለ መስመር ያገኛሉ። በዚህ መስመር ላይ፣ በመጨረሻውና ከእሱ በፊት ባለው ጎድን መካከል ያለው ፊኛ 20 ነው (ፊኛ ሲባል የሽንት ፊኛ ማለት ነው)፤ ጣፊያን ይመለከታል ይባላል። ልክ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለው ፊኛ 21 የጨጓራ ነጥብ ነው። በዚያው መስመር ወደ ወገቡ ሲሄዱ፣ የዳሌው አጥንት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው ፊኛ 25 ደግሞ የሰፊው አንጀት ነው። ሐኪማችን ሁለቱን ጎኖች በጣታቸው ሲዳስሱ ፈረሱ ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበትን ወይም ጀርባውን ዝቅ የሚያደርግበትን ቦታ ይጽፋሉ፤ እኔም ነጥቦቹን ከምንም በላይ የምወድላቸው በዚህ ምክንያት ነው። በየሳምንቱ ጀርባውን የዳሰሰ ሰው ፈረሱ መቼ እንደተለወጠ ከሌላው ሰው ቀድሞ ያውቃል።

በጭራና በፊንጢጣ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ለድርቀትም ለተቅማጥም የሚወጋ ሌላ ነጥብ አለ፤ ይህን ለሐኪም ይተዉት፤ ከፈረስ ኋላ ቆሞ የሚሠራ ነገር ነውና። በሆዱ ሥር፣ በእምብርቱ ዙሪያ ያሉትንም እንዲሁ፤ ሆዱን የሚያመው ፈረስ ወደ ሆዱ ይራገጣል። ከዓይን በታች ያለውን የደም ሥር ወግቶ ደም በማፍሰስ ቁርጠትን ማከም ከጥንት ቻይና የመጣ ዘዴ ነው፤ በቪዲዮው ካዩት እባክዎ አይሞክሩት። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ ያረገዘች ባዝራ ካለቻችሁ የወገብና የሆድ ነጥቦቿን ያለ ሐኪም አትንኩ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ከትከሻው አጠገብ ይቁሙ፤ በመጀመሪያ በእጅ መዳፍ ጀርባውን ከጋማው እስከ ወገቡ ደጋግመው ይዳብሱ፤ ከዚያ በአውራ ጣት ቀስ በቀስ ክብደት እየጨመሩ ከ30 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይያዙ፤ በሁለቱም ጎን ይድገሙ። የሚያዛጋ፣ የሚያላምጥ፣ ዓይኑን የሚያለሰልስ ፈረስ ተቀብሎታል። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ ወይም ጭራውን ካወዛወዘ ይልቀቁት።

ምን ያህል ይሠራል? ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ በፈረሶች ቀጭን አንጀት ውስጥ ባሉን (የሚነፋ ፊኛ) ነፍተው ሕመሙን ከፈጠሩ በኋላ፣ ከፊኛ 21 ጋር በሚመሳሰል ነጥብ ላይ በኤሌክትሪክ የታገዘ አኩፓንክቸር ቢያደርጉም የሕመሙ ምልክት አልቀነሰም። በአንጻሩ ሰመመን ውስጥ በነበሩ አይጦች ላይ፣ የኋላ እግርን መውጋት የጨጓራን እንቅስቃሴ በነርቭ በኩል እንደሚያነቃቃ፣ ሆድን መውጋት ደግሞ እንደሚያቀዘቅዘው ታይቷል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የተወጠረ ፈረስ ይለዝባል፣ የሰነፈ አንጀት ድምፅ አንዳንዴ ይመለሳል፣ የታጎረ ወይም የተጠማዘዘ አንጀት ግን በጣት አይፈታም።

በየክረምቱ (እዚህ አገር ክረምት የብርድ ወቅት ነው) ሆዱን ያመው የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረስ ነበረን፤ ለሁለት ወራት በየሳምንቱ እየተወጋ ቁርጠቱ ቀረለት። በእነዚያው ሁለት ወራት ግን ጥርሱ ተሞርዷል፣ የሚጠጣውም ውኃ መሞቅ ጀምሯል። ባለቤቱ መርፌውን ያመሰግናሉ፤ እኔ ውኃውን።

የእርስዎም ፈረስ ነገር ወደዚሁ ይወስደኛል። ቁርጠቱ የጀመረው ለበዓሉ ሲዘጋጅ ነው ብለዋል፤ ያኔ ገብሱ ድንገት ጨምሮ፣ ግጦሹ ቀንሶ፣ ግልቢያው በዝቶ ይሆን? ገብስ በአንድ ጊዜ ሲበዛ በቀጭኑ አንጀት ሳይፈጭ ያልፍና በሰፊው አንጀት ውስጥ ቦክቶ ጋዝ ይሆናል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ገብስ አይለፉ፤ ለውጡንም ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ያድርጉት። ድርቆሽ ወይም ግጦሽ ሁልጊዜ የመኖው ዋና ክፍል ይሁን፤ ውኃ ደግሞ በቀን ከ12 ሊትር እንዳያንስበት፤ ከግልቢያ በኋላ ትንፋሹ እስኪመለስ እያራመዱ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት። ጥርሱንና የሆድ ትሉን በወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ያስመርምሩ።

ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት፣ ማታ መኖ ከመስጠትዎ በፊት የልብ ምቱን እየቆጠሩ ይጻፉልኝ፤ የገብሱንም መጠን፣ ከበዓሉ ዝግጅት በፊት ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ ይጨምሩበት። እነዚህን ካየሁ በኋላ የትኛውን ነጥብ መቼ መያዝ እንደሚሻል ከሐኪማችን ጋር ተማክሬ እመልስልዎታለሁ።