ጃቫ «ሂፕ ሞላ» ሲል የትኛውን ሂፕ ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነበር፦ ዳታ ስትራክቸር ስትማሪ ሂፕ ማለት ትሪ (ወላጅና ልጅ እያለ እንደ ዛፍ የሚዘረጋ የዳታ አቀማመጥ) ነው ተባልሽ። አሁን ፕሮጀክትሽ «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር፦ ጃቫ ሂፕ ስፔስ» ብሎ ቆመ። ታዲያ ጃቫ ኦብጀክቶቹን በትሪ ነው እንዴ የሚያስቀምጠው?

አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ግራ መጋባትሽ ግን አይገርምም፤ ብዙ ጀማሪዎች እዚሁ ጋ ሲደናገሩ አይቻለሁ። ምክንያቱ ስታክ ይመስለኛል። ክፍል የተማርሽው ስታክና ሜሞሪ ውስጥ ያለው ስታክ አሠራራቸው በእርግጥም አንድ ነው። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፤ መጨረሻ የተጠራው ፈንክሽንም መጀመሪያ ይመለሳል። እና ሰው «ሂፕም እንደዚያው ይሆናል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ክፍል የተማርሽው ሂፕ ጄ. ደብሊው. ጄ. ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1964 ሂፕሶርት ከሚባለው የመደርደሪያ ዘዴ ጋር ያመጣው ነው። ፓይተን ላይ [20, 9, 4, 3, 11] የሚለውን ሊስት ለሂፒፋይ (ሊስትን ወደ ሂፕ ለሚቀይረው ፈንክሽን) ስጪው። [3, 9, 4, 20, 11] ይሆናል። ልብ በይ፣ 9 ከ4 ቀድሟል፤ ሶርት አልተደረገም። 3 አናት ላይ፣ ከሥሩ 9 እና 4፣ ከ9 ሥር ደግሞ 20 እና 11። ሕጉ ወላጅ ከልጆቹ አይብለጥ ነው፣ በቃ። ትንሹን ቶሎ ለማውጣት ይሄ ይበቃል፤ ፕራዮሪቲ ኪው (ቅድሚያ ያለውን አስቀድሞ የሚያወጣ ወረፋ) የሚሠራውም በዚሁ ነው።

የጃቫው ሂፕ ግን በ«ኒው» የምትፈጥሪው ኦብጀክት የሚያርፍበት የሜሞሪ ክፍል ነው። ወላጅ ከልጅ አይብለጥ የሚል ሕግ እዚያ የለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1975 ገደማ አንዳንድ ጸሐፊዎች ነፃ ሜሞሪን ሂፕ ማለት እንደጀመሩ ጽፏል። እሱ ቃሉን ለቀድሞው ትርጉም ብቻ እንደሚጠቀምበት ቢያስታውቅም፣ ልማዱ አሸነፈ።

ዳታቤዝ ውስጥም ሌላ ሂፕ ይጠብቅሻል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ «ቢትማፕ ሂፕ ስካን» ካለሽ፣ የቴብሉ ሮዎች ራሳቸው የተቀመጡበትን ቦታ ማለቱ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ ክላስተርድ ኢንዴክስ (ሮዎቹን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ ኢንዴክስ) የሌለውን ቴብል ሂፕ ይለዋል።

አሁን ወደ ኤረርሽ። «ኤክስኤምኤክስን (የጃቫ ሂፕ ትልቁን መጠን የሚወስነውን ቅንብር) ጨምሪው» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትቸኩዪ። ዳታሽ በእውነት ትልቅ ከሆነ መጨመሩ ይሠራል። እኔ ያየኋቸው ፕሮጀክቶች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ስታቲክ የተደረገ ማፕ ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚቆይ የዳታ ማከማቻ። ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማይፈለጉ ኦብጀክቶችን ከሜሞሪ የሚያጸዳው) ደግሞ ከማፑ ሪፈረንስ ያለውን ኦብጀክት አይነካም። ስለዚህ ሜሞሪ ብትጨምሪም የሚወድቅበት ሰዓት ይዘገያል እንጂ መውደቁ አይቀርም።

መጀመሪያ ሂፕ ደምፕ (በሂፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ የያዘ ፋይል) አውጪና በኤክሊፕስ ሜሞሪ አናላይዘር ክፈቺው። ብዙ ቦታ የያዘውን ክላስና ማን አልለቅ እንዳለው ያሳይሻል። የክላሱን ስም እዚሁ ጻፊልን፤ ኮዱን አብረን እናየዋለን።